ጎረቤት ወሰን ሲገፋ፦ ከመጀመሪያው ቁፋሮ እስከ ፍርድ አፈጻጸም

በአጥር ክርክር የሚሸነፈው ብዙ ጊዜ መሬቱ የእሱ ያልሆነው ሰው አይደለም። ዘግይቶ የተቃወመው፣ የማይሆን ክስ ይዞ የቀረበው ወይም ተናዶ ግንቡን በመዶሻ የናደው ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ራሱ ዋጋ አለው፤ አንዱን ዘልሎ ወደ ሌላው መሄድ ኋላ ያስከፍላል።

መመሪያው ለከተማ ቦታ ነው፤ የመሥሪያ ቤት አሠራሩም የአዲስ አበባን ይከተላል። የሚጠቀሱት የፍትሐ ብሔር ሕግ (1952 ዓ.ም.)፣ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ (1958 ዓ.ም.) እና የወንጀል ሕግ (1996 ዓ.ም.) ድንጋጌዎች ግን ክልልም ከተማም አይለዩም።

መጀመሪያ ካርታውን ያንብቡ

ጎረቤትዎን ከማናገርዎ በፊት የይዞታ ማረጋገጫ ካርታዎን አውጥተው ሦስት ነገር ይመልከቱ፦ የቦታው ስፋት በካሬ ሜትር፣ አዋሳኞቹ፣ እና የማዕዘን ነጥቦቹ የኤክስና የዋይ ቁጥሮች። ብዙ ሰው ስፋቱን ብቻ ያያል። የወሰን ክርክርን የሚፈቱት ግን ነጥቦቹ ናቸው።

በሁለት ማዕዘኖች መካከል ያለውን ርዝመት በስልክዎ ካልኩሌተር ማውጣት ይችላሉ። የአንደኛው ነጥብ ኤክስ 475312.40፣ ዋይ 996845.10፤ የሁለተኛው ኤክስ 475324.40፣ ዋይ 996861.10 ነው እንበል። የኤክሶቹ ልዩነት 12፣ የዋዮቹ 16 ነው። እያንዳንዱን በራሱ ያባዙ (144 እና 256)፣ ይደምሩ (400)፣ ስኩዌር ሩቱን ያውጡ። 20 ሜትር ይመጣል። በዚያ ጎን ያለው ወሰንዎ በካርታው ላይ 20 ሜትር ነው ማለት ነው።

አሁን መሬት ላይ ይለኩ። የአናጢ 5 ሜትር አይበቃም፤ በየ5 ሜትሩ መጀመር በየጊዜው ስሕተት ያጠራቅማል። የ30 ወይም የ50 ሜትር ሜትር ይዋሱ፣ አጥብቀው ይወጥሩ። ተዳፋት ቦታ ከሆነ ደግሞ እዚህ ጋ ይጠንቀቁ፦ የካርታ ርዝመት አግድም ርዝመት ነው እንጂ የቁልቁለቱን አይከተልም። 20 ሜትር ርዝመት ያለው ወሰን ከጫፍ እስከ ጫፍ 3 ሜትር ዝቅ የሚል ከሆነ፣ ሜትሩን መሬት ላይ አስተኝቶ የለካ ሰው 20.22 ያነባል። ያቺ 22 ሳንቲ ሜትር ደም ያቃባ ጠብ ልታስነሳ ትችላለች፤ ማንም ግን ምንም አልገፋም። ሜትሩን በውሃ ልክ አግድም ይዘው በአጫጭር ርቀት እየከፋፈሉ፣ በቱንቢ ወደ መሬት እያወረዱ ይለኩ።

በስልክ ጂፒኤስ ወሰን አይፈለግም። የተለመደ ስልክ በጥቂት ሜትሮች ይሳሳታል። ከዚያም በላይ የከተማው ካርታዎች በአብዛኛው አዲንዳን በሚባለው የመለኪያ ሥርዓት የተሠሩ ናቸው፤ ስልኩ የሚሰጠው ቁጥር በሌላ ሥርዓት ስለሆነ ካርታው ላይ ካለው ከመቶ ሜትር በላይ ሊርቅ ይችላል። «ካርታዬ ጎረቤት ሰፈር ላይ ነው የሚያርፈው» ብለው ከመደንገጥዎ በፊት ይህን ያስታውሱ።

የራስዎ ልኬት ጥርጣሬዎን ካጠናከረው ለክፍለ ከተማው የመሬት ይዞታ መሥሪያ ቤት «ወሰኔ በባለሙያ ተለክቶ ይታይልኝ» የሚል ማመልከቻ ያስገቡ። በማመልከቻው ላይ ጎረቤትዎ በልኬቱ ዕለት እንዲገኙ ጥሪ ይደረግላቸው ብለው ይጠይቁ፤ ሳይጠሩ የተለካ ልኬት ኋላ «በሌለሁበት ነው» ይባላል። ባለሙያው ችካል ሲመታ ቃለ ጉባኤ ይያዝ፣ ሁለታችሁም ፈርሙበት። አልፈርምም ያለ ካለ አለመፈረሙ ራሱ ይጻፍ። የግል ቀያሽ ማሠራትም ይቻላል፤ ለድርድር ይጠቅማል። ፍርድ ቤት ግን አብዛኛውን ጊዜ ለመሥሪያ ቤቱ ትእዛዝ ጽፎ በራሱ መንገድ ያስለካል።

ከልኬቱ ከሦስት አንዱ ይወጣል። አጥሩ ከካርታው ወጥቶ ወደ እርስዎ ገብቶ ከሆነ ወደሚቀጥለው ይሂዱ። አጥሩ በካርታው ልክ ከሆነና ለዓመታት የእርስዎ የመሰለዎት መሬት የጎረቤትዎ ሆኖ ከተገኘ እዚህ ላይ ያቁሙ። ሁለቱ ካርታዎች አንድ መሬት ላይ ተደራርበው ከተገኙ ግን ጎረቤትዎን መክሰስ ብቻውን መፍትሔ አይሆንም፤ አንደኛው ካርታ እንዲታረም ወይም እንዲመክን ለሰጠው አካል ማመልከት፣ መልሱ ካላረካዎት አቤቱታውን ወደ ላይ መውሰድ ያስፈልጋል።

ካርታ ለሌለው ነባር ይዞታ ማስረጃው የቆየ የግብር ደረሰኝ፣ የቤት ቁጥር ፋይልና የአየር ፎቶ ነው። በአዲስ አበባ ሰነድ አልባ ይዞታን ለማጣራት የ1997 ዓ.ም. የአየር ፎቶ በተደጋጋሚ ይጠቀሳል።

ቁፋሮው ሲጀመር የሚታየውና የማይታየው

የብሎኬት አጥር ግድግዳው 20 ሳንቲ ሜትር ነው። ከሥሩ ያለው የድንጋይ መሠረት ግን 50 ወይም 60 ሳንቲ ሜትር ይሰፋል። ግድግዳው 60 ሳንቲ ሜትር በሆነው መሠረት መሐል ቆሞ የውጭ ፊቱ ከወሰኑ ጋር እኩል ከሆነ፣ ላዩን ሲያዩት ማንም ማንንም አልነካም። ከመሬት በታች ግን 20 ሳንቲ ሜትር መሠረት ወደ እርስዎ ግቢ ተሻግሯል። ይህ የሚታወቀው እርስዎ በተራዎ ሰርቪስ ቤት ለመሥራት ሲቆፍሩ ነው፤ ያኔ የጎረቤትን መሠረት ቢሰብሩ አጥሩ ይወድቃል፣ ካልሰበሩ ቤትዎ ወደ ውስጥ ይሸሻል። ስለዚህ መፈተሽ ያለበት ግድግዳው ሳይሆን ጉድጓዱ ነው። ወሰን ላይ የሚያርፍ ግድግዳ መሠረቱ ወደ ሠሪው ግቢ ብቻ እንዲሰፋ ተደርጎ መሠራት አለበት፤ ይህም የመሐንዲስ ሥራ እንጂ የግንበኛ ግምት አይደለም።

የቅንጭብ ወይም የሌላ ተክል አጥር ተነቅሎ በግንብ ሲተካ ሌላ ችግር አለ። ቅንጭብ ሲያረጅ አንድ ሜትር ያህል ይወፍራል፤ የወሰኑ መስመር ግን መጀመሪያ የተተከለበት ግንዱ ነው። ነቅሎ የጨረሰ ሰው ግንቡን በተክሉ ዳር ቢጀምር ያለ ድንጋይ ውርወራ ግማሽ ሜትር ያተርፋል። ከመነቀሉ በፊት የግንዶቹን መስመር በገመድ አስይዘው ሁለቱንም ጫፍ በችካል ምልክት ያድርጉ። «ቋሚው በእኔ በኩል ነው፣ ቆርቆሮውን የመታሁት እኔ ነኝ» የሚለው የተለመደ ክርክር ደግሞ አጥሩን ማን እንደሠራው ሊያሳይ ይችላል፤ ወሰኑ የት እንደሆነ ግን ብቻውን አያረጋግጥም።

በዚሁ ቀን ፎቶ ያንሱ። ጉድጓዱ ብቻ የታየበት ፎቶ ዋጋ የለውም። ሜትሩ ተዘርግቶ ቁጥሩ የሚነበብበት፣ ከበስተጀርባ የማይነቃነቅ ነገር (የቤትዎ ጥግ፣ የመብራት ምሰሶ) ያለበት መሆን አለበት። ከቤትዎ ግድግዳ እስከ ጉድጓዱ ጠርዝ በሁለቱም ጫፍና በመሐል ለክተው፣ ሦስቱን ቁጥሮች ከቀኑ ጋር ይጻፉ፣ ሁለት ጎረቤቶች ይፈርሙበት።

በ24 ሰዓት ውስጥ በጽሑፍ ይቃወሙ

ከሁሉም እርምጃ በጣም የሚናቀው ይህ ነው፤ ክርክሩን የሚወስነው ግን ብዙ ጊዜ እሱ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1178 እና 1179 በሌላ ሰው መሬት ላይ የተሠራን ሕንጻ የሚለዩት በአንድ ነገር ነው፦ ባለመሬቱ ተቃውሞ ነበር ወይ? ተቃውሞ እያለ የተሠራ ከሆነ ሠሪው መብት አያገኝም፤ ባለመሬቱ ሕንጻው እንዲፈርስለት ወይም እንዲለቀቅለት መጠየቅ ይችላል። ዝም ብሎ ካየ ግን ሠሪው የሕንጻው ባለቤት ይሆንና ባለመሬቱ የሚያስለቅቀው ካሳ ከፍሎ ነው። የጎረቤት ጠበቃ የመጀመሪያ ጥያቄ «ግንቡ ሲሠራ የት ነበሩ?» የሚሆነው ለዚህ ነው። በቃል «ተው» ማለትም ተቃውሞ ነው፤ ማስረጃው ግን ምስክር ብቻ ይሆናል፣ ምስክር ደግሞ ጎረቤት ነው።

ደብዳቤው አጭር ይሁን፦

«ለአቶ/ወ/ሮ ________። በ________ ቀን በእርስዎና በእኔ ይዞታ ወሰን ላይ የጀመሩት የአጥር መሠረት ቁፋሮ በካርታ ቁጥር ________ ወደ ተመዘገበው ይዞታዬ በሰሜን በኩል ርዝመቱ 14 ሜትር፣ ወርዱ 35 ሳንቲ ሜትር ያህል ገብቷል። ግንባታውን የምቃወም መሆኔን እየገለጽሁ፣ በባለሙያ ተለክቶ ወሰኑ እስኪታወቅ ሥራው እንዲቆም እጠይቃለሁ። ከዚህ በኋላ ለሚወጣው ወጪ ኃላፊነት አልወስድም። ስም፣ ፊርማ፣ ቀን።»

ስድብ፣ ዛቻ፣ የድሮ ቂም አይግባበት፤ ይህ ወረቀት ነገ ዳኛ ፊት ይነበባል። በሁለት ምስክሮች ፊት ይስጡ፤ አልቀበልም ካሉ በሪኮማንዴ ፖስታ ይላኩና ደረሰኙን ያስቀምጡ። ግልባጩን ለወረዳው የግንባታ ፈቃድ ክፍልና ለደንብ ማስከበር ያስገቡ፤ የእርስዎ ቅጂ ላይ የመዝገብ ቤት ማህተምና ቀን ያስደርጉ። የአጥር ግንባታ ፈቃድ ከሌለው ከፍርድ ቤት ይልቅ ወረዳው በፍጥነት ሊያስቆመው ይችላል። ፈቃድ ካለው ደግሞ አይደንግጡ፤ የግንባታ ፈቃድ ግንባታን ይፈቅዳል እንጂ የሌላ ሰው መሬት አይሰጥም።

በገዛ እጅ ማፍረስ፦ የት ይቆማል?

አንቀጽ 1148 ባለይዞታ ይዞታውን በኃይል ሊነጥቁት ወይም ሊያውኩት የመጡትን በኃይል የመከላከል መብት ይሰጠዋል። በኃይል ወይም በስውር የተወሰደበትንም ወዲያውኑ ማስመለስ ይችላል። ቁልፉ «ወዲያውኑ» ላይ ነው፤ በዚያም ላይ ሁኔታው ከሚፈቅደው ያለፈ ድብደባ በግልጽ ተከልክሏል። ሠራተኞች ቆርቆሮውን እየነቀሉ ሳለ ቆሞ መከልከልና ፖሊስ መጥራት አንድ ነገር ነው። ግንቡ ከደረቀ ከሁለት ሳምንት በኋላ በሌሊት ማፍረስ ግን መከላከል አይባልም፤ የሌላ ሰው ንብረት ማበላሸት ነው። ያን ጊዜ ተበዳይ የነበረው ሰው የወንጀል ተከሳሽ ይሆናል፣ የግንቡንም ዋጋ ይጠየቃል፤ ጎረቤቱም ስለ ወሰኑ አንድ ቃል ሳይናገር ያሸንፋል።

የተሻገረውም ወገን ከወንጀል ነጻ አይደለም። የወሰን ምልክት መንቀል ወይም ማዛወር፣ በሌላው ይዞታ ላይ ሁከት መፍጠር በወንጀል ሕጉ ያስቀጣሉ። ቀላል የንብረት ማበላሸትን የመሰሉ፣ በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስቀጡ ወንጀሎች ላይ አቤቱታው ድርጊቱን ወይም ፈጻሚውን ካወቁ በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። ፖሊስ ጣቢያ «ይህ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው» ብሎ ቢመልስዎ ብዙ አይከራከሩ፤ ድርጊቱን በቀን መዝገብ ካስመዘገቡ ለፍትሐ ብሔሩ ክስ ማስረጃ ይሆናል።

በሽማግሌ ሲያልቅ

አብዛኛው የአጥር ጠብ ማለቅ ያለበት እዚህ ነው፤ ከፍርድ በኋላም ጎን ለጎን መኖር አለና። ችግሩ እርቁ በመሳሳም አልቆ ወረቀት አለመጻፉ ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ አንደኛው ቤቱን ይሸጣል፣ ገዢው ሽማግሌዎቹን አያውቅም።

በውሉ ላይ የሚጻፉት እነዚህ ናቸው፦ ወሰኑ በየትኞቹ ነጥቦች እንደሚያልፍ (ከካርታው የተቀዳ ቁጥር)፤ ግድግዳው በማን በኩል እንደሚያርፍ ወይም መሐል ለመሐል እንደሆነ፤ ቁመቱና ውፍረቱ፤ ወጪው እንዴት እንደሚከፈል፤ ሲሰነጠቅ ማን እንደሚጠግን፤ ሰርቪስ ቤት ማስደገፍ ይፈቀድ እንደሆነና የጣሪያው ውሃ ወዴት እንደሚወርድ። የመጨረሻዋን አይዝለሏት፤ የጋራ አጥርን እንደ ኋላ ግድግዳ ተጠቅሞ ቆርቆሮውን ወደ ጎረቤት ማጋደል አዲስ ጠብ የሚጀምርበት መንገድ ነው።

አንድ ነገር በውል አይሆንም፦ መሬት መሸጥ። ሕገ መንግሥቱ (አንቀጽ 40) መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። «ለገባሁበት 5 ካሬ ይህን ያህል ብር ከፍዬሃለሁ» የሚል ወረቀት የተሻለ መብት አይፈጥርም። ካርታው ራሱ እንዲስተካከል ከተስማማችሁ አብራችሁ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሂዱ። ክስ ተከፍቶ ከሆነ እርቁን ለፍርድ ቤቱ አቅርባችሁ በመዝገብ አስጽፉት (የሥነ ሥርዓት ሕጉ ከአንቀጽ 274 ጀምሮ ይመለከቷል)፤ ያኔ እርቁን ያፈረሰው ወገን በአፈጻጸም ይገደዳል።

የትኛው ክስ?

ሁለት በር አለ። አንደኛው «ሁከት ይወገድልኝ» ነው፤ መሠረቱ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1149። እዚህ የሚያስረዱት መሬቱን በእጅዎ አድርገው ይጠቀሙበት እንደነበርና ተከሳሽ እንዳወከዎት ነው። ተከሳሹ መብት እንዳለው ወዲያውኑና በማያጠራጥር ሁኔታ ካላስረዳ ፍርድ ቤቱ ሁከቱ እንዲወገድ ያዝዛል፤ ካሳም መጠየቅ ይቻላል። ፈጣንና ቀላል ነው፣ ግን ጊዜው አጭር ነው፦ ሁከቱ ከተፈጠረበት ቀን ጀምሮ 2 ዓመት። የሚቆጠረውም ከሰሙበት ቀን አይደለም።

ሁለተኛው በር በመብት ላይ የተመሠረተ ክስ ነው፤ በአንቀጽ 1206 መንፈስ በካርታዬ የተመዘገበው ይዞታ ይለቀቅልኝ ማለት ነው። 2 ዓመቱ ያለፈበት ወይም ያንን መሬት መቼም በእጁ አድርጎ የማያውቅ ሰው የሚሄድበት ይህ ነው። በእጁ ያልነበረን መሬት «ሁከት ይወገድልኝ» ብሎ የከሰሰ ሰው ካርታው እያለው ይሸነፋል፤ ይህ ስሕተት የተለመደ ነው።

የት ይከሰሳል? መሬቱ ባለበት ቦታ። አዲስ አበባ ውስጥ በሁለት ግለሰቦች መካከል ያለ ክርክር ግምቱ እስከ 10 ሚሊዮን ብር ከሆነ የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ያየዋል (አዋጅ 1234/2013)። ክርክሩ አስተዳደሩ የሰጠውን ካርታ ወይም ፈቃድ የሚመለከት ሲሆን ወደ ከተማው ፍርድ ቤቶች ያመራል። የተሳሳተ ቦታ የተከፈተ መዝገብ ከወራት በኋላ «ሥልጣን የለኝም» ተብሎ ሊዘጋ ስለሚችል፣ ክሱን ከማስገባትዎ በፊት ነጥቡን ከጠበቃ ጋር ይጨርሱ።

ገጠር ከሆነ መንገዱ ይለያል። የይዞታ ደብተሩ፣ የቀበሌው የመሬት አስተዳደር ኮሚቴና የክልሉ አዋጅ ይቀድማሉ፤ በበርካታ ክልሎችም ክርክሩ መጀመሪያ ተከራካሪዎቹ በመረጧቸው ሽማግሌዎች ይታያል።

በክሱ ላይ «ወሰኔን ገፍቶ ብዙ መሬት ወስዷል» አይበሉ። በየትኛው አቅጣጫ፣ ርዝመቱ ስንት፣ ወርዱ ስንት፣ መቼ ተጀምሮ መቼ አለቀ ይበሉ፦ 14 ሜትር በ0.35፣ ማለትም 4.9 ካሬ ሜትር። ዳኝነት የተጠየቀበትም እንዲሁ ቁርጥ ያለ ይሁን፦ አጥሩ በተከሳሽ ወጪ ይነሳ፣ ቦታው ወደ ነበረበት ይመለስ፣ ለጉዳት ይህን ያህል ብር ይከፈል። ፍርዱ ልኬት ከሌለው አፈጻጸም ላይ «ከየት እስከ የት?» የሚል ሌላ ክርክር ይወልዳል። የማስረጃ ዝርዝሩ በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 223 መሠረት አብሮ ይያያዛል፦ ካርታ፣ የግብር ደረሰኝ፣ የተቃውሞ ደብዳቤ ከነማህተሙ፣ ፎቶ፣ የልኬት ቃለ ጉባኤ፣ ምስክሮች ከነአድራሻቸውና ምን እንደሚያስረዱ።

ግንባታው ካላለቀ ከክሱ ጋር በዚያው ቀን በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 154 የእግድ አቤቱታ ከቃለ መሐላ ጋር ያስገቡ። እግድ ሲሚንቶ ከመድረቁ በፊት ነው ጥቅሙ። ትእዛዙን ራስዎ ተከታትለው ለወረዳውና ለፖሊስ ያድርሱ፤ መዝገብ ውስጥ ያደረ እግድ ግንበኛ አያስቆምም።

አጥር ሲወድቅ፣ ውሃ ሲገባ

ሐምሌና ነሐሴ ላይ የሚወድቁት አጥሮች ብዙዎቹ አፈር የተደገፈባቸው ናቸው። የ20 ብሎኬት ለመከለል እንጂ አፈር ለመደገፍ አልተሠራም። አንዱ ግቢውን በሙሌት አንድ ሜትር ተኩል ከፍ ያደርጋል፣ ሙሌቱ ዝናብ ይጠጣል፣ ውሃ ማስወጫ ቀዳዳ የለም፣ ግድግዳው ወደ ታችኛው ግቢ ይገለበጣል። የዚህ ኃላፊነት አፈሩን የሞላው ላይ ነው። ተቃራኒውም አለ፦ ታችኛው ለምድር ቤት አጥሩ ሥር 2 ሜትር ቆፍሮ የላይኛውን መሠረት ያስለቅቃል፤ ያኔ ተጠያቂው ቆፋሪው ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1225 የንብረት ባለቤት በጎረቤቱ ላይ ጉዳት እንዳያደርስ ይከለክላል፤ 2028 በጥፋቱ ጉዳት ያደረሰ እንዲክስ ያዝዛል። 2077 ደግሞ ከዚያ ይሻገራል፦ የሕንጻ ባለቤት ሕንጻው ላደረሰው ጉዳት ያልታሰበ ቢሆንም ኃላፊ ነው። «ኮንትራክተሩ ነው ያበላሸው» የሚለው መልስ በተጎጂው ፊት አያድንም፤ እሱ የባለቤቱና የኮንትራክተሩ ሒሳብ ነው።

ካሳ ሲጠይቁ ፍርስራሹን ከማንሳትዎ በፊት ፎቶ ያስነሱ፣ መሐንዲስ የሥራ ዝርዝርና ዋጋ ያውጣልዎ፣ ለዕቃው ሦስት ፕሮፎርማ ይያዙ። የተከራይ ክፍል ፈርሶ ኪራይ ከቀረብዎት የኪራይ ውሉን ያያይዙ። ከውል ውጭ ኃላፊነት ክስም በ2 ዓመት ይታገዳል (አንቀጽ 2143)፤ ድርጊቱ ረዘም ያለ ይርጋ (የክስ ጊዜ ገደብ) ያለው ወንጀል ካልሆነ በቀር።

ባለቤቱ ውጭ ሀገር ከሆነ

ዋሽንግተን፣ ዱባይ ወይም ቴል አቪቭ ተቀምጦ አዲስ አበባ ቤት ያለው ሰው በዚህ ጉዳይ ድርብ ችግር አለበት። የ2 ዓመቱ ቆጠራ አይጠብቀውም፤ ውክልናውም ብዙ ጊዜ ለዚህ አይሠራም። አንቀጽ 2205 ለመክሰስ፣ ለመከሰስና ለመታረቅ ልዩ ውክልና ይጠይቃል፤ «ንብረቴን ያስተዳድርልኝ» የሚል ጠቅላላ ውክልና ይዞ የመጣ ወንድም ከፍርድ ቤቱ ሬጅስትራር (መዝገብ ቤት) ላይ ይመለሳል። ውክልናውን በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ሲሰጡ «እንዲከስ፣ እንዲከሰስ፣ እንዲታረቅ፣ ጠበቃ እንዲወክል» የሚሉት ቃላት በግልጽ ይግቡ፤ ከዚያም ሰነዱ ሀገር ቤት ተረጋግጦ ይመዝገብ። ተወካዩ የቅርብ ዘመድ ካልሆነ ችሎት መቆም የሚችለው ጠበቃ ነው። ቤቱን የሚጠብቀው ሰው ደግሞ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ከክረምት በፊትና በኋላ፣ አራቱንም አጥር ከእነማዕዘኑ በቪዲዮ ቀርጾ ይላክ።

ከፍርድ በኋላ

የተረታ ወገን ይግባኝ ለማለት 60 ቀን አለው፤ ይግባኝ ማስገባቱ ብቻ ግን አፈጻጸምን አያግድም፣ የእግድ ትእዛዝ ማምጣት አለበት። የረታ ደግሞ ፍርዱን ፍሬም አድርጎ አይስቀል፦ የአፈጻጸም መዝገብ በተለየ ማመልከቻ ይከፈታል፤ ከ10 ዓመት በኋላ ፍርዱ አይፈጸምም። አጥሩ የሚነሳበት ቀን ሲቆረጥ ቀያሹ፣ የወረዳው ተወካይና ፖሊስ በአንድ ሰዓት መገኘታቸውን ከሁለት ቀን በፊት ያረጋግጡ፤ አንዳቸው ከቀሩ ቀጠሮው ይተላለፋል። ግንቡ ተነስቶ ቦታው ከመጠረጉ በፊት በአዲሱ ወሰን ጫፎች ላይ በኮንክሪት የተተከለ ችካል ይቁም፣ ልኬቱም በርክክብ ቃለ ጉባኤው ላይ ይስፈር።